ያደረ እንጀራ፣ ድርቆሽና የበረካ ቡና፦ ከጅማ ጓዳ የተገኘ ታሪክ



«ያደረ ምግብ» የሚለውን ስንሰማ ብዙዎቻችን እንሸማቀቃለን። የትናንት ወጥ፣ የትናንት እንጀራ፣ የትናንት ዳቦ ሲባል ወዲያው ትዝ የሚለን ድህነት ነው። እንግዳ ድንገት ሲመጣብን «ፍርፍር አቀረቡልን» እንዳንባል ወደ ሱቅ እንሮጣለን። የሚገርመው በማግስቱ ካፌ ገብተን ያንኑ ፍርፍር በሳህን ቀርቦልን፣ ሻይ ታክሎበት፣ ከኪሳችን ከፍለን እንበላለን። ቤት ሲሠራ የሚያሳፍረን፣ ካፌ ሲሠራ ግን የሚጣፍጠን ለምን ይሆን?

በዛሬው ጽሑፋችን በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡ፣ በሰርቦ፣ ከትናንት የተረፈው ለቁርስና ለእራት እንዴት ይሠራ እንደነበረ እናወጋለን። ነገሩ የምግብ አሠራር ብቻ አይደለም። የሲራራ ንግድ አለበት፣ እስልምና ወደዚህ ምድር የገባበት መንገድ አለበት፣ የቡና ዋጋ መውጣትና መውረድ አለበት። ልንሸፋፍነው የማይገባ በደልም አለበት።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። እንጀራ ራሱ የሚጀምረው ከትራፊ ነው። ከቦካው ሊጥ ላይ የሚቀነሰው እርሾ ተቀምጦ ለሚቀጥለው ቡኮ ይውላል። እርሾ ያለቀባት እናት ከጎረቤት ትበደራለች። ስለዚህ ዛሬ በምንበላው እንጀራ ውስጥ ያለፈው ሳምንት ሊጥ አለ፤ ምናልባትም የጎረቤት ሊጥ። የደረቀ እንጀራን በውሃ ዘፍዝፈው፣ አሽተው ወደ አዲሱ ሊጥ የሚመልሱ ቤቶችም ብዙ ናቸው። «እኛ ቤት የትናንት ነገር አይበላም» የሚል ሰው እንጀራ መብላቱን ማቆም ሊኖርበት ነው።

የጅማ ገበሬ ጤፍ ያመርታል። የብዙውን ቤተሰብ ሆድ ሲሞላ የኖረው ግን በቆሎና ማሽላ ነው። በቆሎ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ እህል ነው፤ በአንዳንድ አካባቢ «የባሕር ማሽላ» መባሉም ባሕር ተሻግሮ መምጣቱን ያስታውሰናል። የጤፍ እንጀራ ሁለትና ሦስት ቀን ልስላሴውን ይዞ ይቆያል። የበቆሎ እንጀራ ግን በማግስቱ ይገተራል፣ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። ሲበርድ የጠነከረው የእህሉ ስታርች መልሶ የሚላላው ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ነው። የበቆሎ እንጀራ የሚበላ ቤት ታዲያ ያለው ምርጫ መጣል ወይም ማርጠብ ነው። ሽንኩርት አቁላልቶ፣ በርበሬ ጨምሮ፣ ከትናንት ወጥ የቀረችውን ጭላፊ በውሃ አቅጥኖ፣ እንጀራውን ቆርሶ መክተት። ይህ ፍርፍር ነው። ለልጆች ቁርስ፣ ገበያ ለሚሄድ አባት ምሳ፣ እሳቱ ካልጠፋ ደግሞ ለእራት ይሆናል። ፍርፍር በዚህ አገር የሰነፍ ሴት ማምለጫ አልነበረም፤ በቆሎ ያስገደደው ብልሃት ነው።

ድርቆሽ ደግሞ ከጓዳ አልፎ ወደ መንገድ ይወስደናል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጊቤ ወንዝ ዙሪያ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ፤ ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማ እና ጌራ። ከእነዚህ መካከል መጀመሪያ የገነነው ሊሙ እናርያ ነው። ከ1825 እስከ 1861 የገዛው አባ ባጊቦ የሳቃን ገበያ የነጋዴ መናኸሪያ አድርጎት ነበር። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ በ1843 እዚያ ደርሷል። ከሰሜን የሚመጡት ጀበርቲ ሙስሊም ነጋዴዎችና አፍቀላ የሚባሉት የአካባቢው ኦሮሞ ነጋዴዎች ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ሌላም ጭነው ዐባይን ተሻግረው ጎጃም ባሶ ገበያ ይደርሱ ነበር፤ ከዚያ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ምጽዋ። መንገዱ በየገበያው እየቆሙ ወራትን ይፈጃል። ዝናብ አለ፣ የሞላ ወንዝ አለ፣ ኬላ አለ። በየቀኑ ምጣድ የሚጣድበት ጉዞ አይደለም።

መንገደኛ የሚይዘው ስንቅ በመላው አገራችን የታወቀ ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ቋንጣ እና ድርቆሽ። ድርቆሽ የተረፈ እንጀራ ተቆራርሶ በፀሐይ ሲደርቅ የሚገኝ ነው። እንጀራ እርጥብ ሆኖ ከተቀመጠ በሦስትና በአራት ቀን ይሻግታል። ውሃው ከወጣለት ግን ሻጋታው የሚበቅልበት እርጥበት ስለማያገኝ በደረቅ ቦታ ለወራት ይቀመጣል፤ ክብደቱም ስለሚቀንስ ለአህያም ለሰውም ይቀላል። ሰፈር ሲደርሱ ትንሽ ውሃ፣ ትንሽ በርበሬ፣ ከተገኘ ቅቤ ጠብ ይደረግበታል፤ እራት ደረሰ። ጅማ ላይ ደግሞ ዝናቡ ረጅም ስለሆነ ማድረቁ ራሱ ዕውቀት ይጠይቃል፤ ፀሐይ በሌለበት ወቅት ከምድጃው አጠገብ እየተገላበጠ ነው የሚደርቀው።

እነዚያ ነጋዴዎች ጨውና ጨርቅ ብቻ አላመጡም። እስልምና በጊቤ ምድር የተስፋፋው በዋናነት በእነሱ በኩል ነው። በጅማ በ1830 ገደማ የነገሠው ቀዳማዊ አባ ጅፋር እስልምናን ተቀበለ። ከ1878 እስከ 1932 የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ደግሞ ለአፄ ምኒልክ እየገበሩ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ፤ ዑለሞችን አስጠጉ፣ ነጋዴውን ጠበቁ። ከጂሬን ቤተ መንግሥታቸው በታች የነበረው የሒርማታ የሐሙስ ገበያ በደቡብ ምዕራቡ ክፍል አቻ ያልነበረው ገበያ ሆነ። የዛሬዋ ጅማ ከተማ ያደገችው በዚያ ገበያ ላይ ነው።

ከእምነቱ ጋር ስለ ምግብ የሚነገረውም ታሪክ አብሮ ገባ። እዚህ ላይ ትንሽ ወደ መካ እንሂድ፤ የፍትፍታችን ዘመድ እዚያ አለና።

የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቅድመ አያት ሃሺም የትውልድ ስሙ ዐምር ነበር። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት መካን ድርቅና ረሃብ በመታት ዓመት ወደ ሻም ሄዶ ዳቦ በግመል አስጭኖ ተመለሰ። ግመሎቹን አሳረደ፣ ዳቦውን በመረቁ ላይ እየሰባበረ የመካን ሰው አበላ። «ሃሺም» ማለት የሚሰባብር ማለት ነው፤ ስሙ ከዚህ መጣ ይላሉ። በኑ ሃሺም የሚባለው ጎሳ፣ ረሱላችን የተገኙበት ቤት፣ የተጠራው መረቅ ላይ ዳቦ በመፈትፈት ነው ማለት ነው! በዐረብኛ ይህ ምግብ ሰሪድ ይባላል። ነቢያችን ይወዱት ነበር፤ ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከሌሎች ሴቶች ያላትን ብልጫ ሰሪድ ከሌሎች ምግቦች ካለው ብልጫ ጋር ማመሳሰላቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል።

ዐረቦች መሰባበርን «ፈተ» ይላሉ፤ «ፈታ» የሚባለው የዳቦ ምግባቸውም ከዚያ የመጣ ነው። ግዕዝ «ፈተተ» ይላል፣ ቆረሰ ለማለት። አማርኛችን «ፈተፈተ» አለ። ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች ስለሆኑ ቃሉም የጋራ ሀብታቸው ነው። ፉል ቤት ገብተን «ፈታ» ስናዝና ቤት ስንገባ እናታችን «ፍትፍት ብላ» ስትለን ያው አንድ ሥር ላይ ነን።

የነቢያችን ማዕድ ራሱ ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ እፍረታችንን ያቀልልናል። ጃቢር (ረ.ዐ) እንደሚያስተላልፉት አንድ ቀን ከቤተሰባቸው ማባያ ጠየቁ። ከሆምጣጤ በቀር የለም ተባሉ። እሱኑ አስመጥተው ዳቦውን በሆምጣጤ እየበሉ ማባያነቱን አመሰገኑ። ምግብ አጣጥለው አያውቁም፤ ካማራቸው ይበላሉ፣ ካላማራቸው ይተዋሉ። የወደቀች ጉርሻ ቆሻሻዋ ተነሥቶላት እንድትበላ፣ ለሸይጧን እንዳትተው አዘዋል፤ ሳህኑ እንዲጠረግም፣ ምክንያቱም በረካው በየትኛው ክፍል እንዳለ በላተኛው አያውቅም። ምናልባት ያቺ ትናንት የቀረችው ጭላፊ ውስጥ ይሆናል። አላህም በሱረቱል አዕራፍ ብሉ ጠጡ ሲል አያይዞ ማባከንን ከልክሏል፤ በሱረቱል ኢስራእ ደግሞ አባካኞችን የሸይጧን ወንድሞች ብሏቸዋል። ይህን ሁላችንም ከመድረሳ ጀምሮ እናውቀዋለን። የምናውቀውን የምንረሳው ሠርግና ኢፍጣር ላይ ነው።

በረካ ካልን አይቀር ጅማ ላይ የዚህ ቃል ቤቱ ጀበና ነው። የመጀመሪያው ስኒ አቦል፣ ሁለተኛው ቶና፣ ሦስተኛው በረካ። አቦል ከዐረብኛው «አወል»፣ ቶናም ሁለተኛ ከሚለው «ሳኒ» ጋር እንደሚዛመዱ ብዙዎች ይናገራሉ፤ በረካማ ምስክር አያሻውም። ልብ እንበል፤ ለቶናና ለበረካ አዲስ ቡና አይጨመርም። ያው አተላ ነው፣ ውሃ እየተጨመረበት ዳግም የሚፈላ። በምጣኔ ሀብት ቋንቋ ካየነው ሦስተኛው ስኒ የትራፊ ትራፊ ነው። ያን ቀጭን ስኒ ነው እንግዲህ አባቶቻችንና እናቶቻችን «በረካ» ብለው የሰየሙት፣ ዱዓም የሚያደርጉበት። አቦልን ጠጥቶ የሄደ ሰው ጥሩ ቡና ጠጥቶ ሊሆን ይችላል፤ በረካውን ግን አላገኘም ይባላል። ቡናውን ለዓለም ያበረከተ አገር ትልቁን ስም የሰጠው ለመጨረሻው ስኒ መሆኑ እኛን ሁልጊዜ ያስደንቀናል።

ከእኛ አልፎም የቡና ሰዎች እንዲህ ናቸው። የመን ፍሬውን ለዓለም እየሸጠች ሕዝቧ በአብዛኛው የሚጠጣው ከገለባው የሚፈላውን ቂሽር ነበር፤ ዝንጅብል ይጨመርበታል። ሐረር ላይ የቡና ቅጠል ቆልተው ቁጢ ያፈላሉ። ጥሩውን ሸጦ በተረፈው መኖር የቡና አምራች ዕጣ ነው፤ ዕጣውን ወደ ጥሩ መጠጥ መለወጥ ግን የጓዳዋ ባለቤት ችሎታ ነው።

ይህ ዕጣ ወደ ገንዘቡ ይወስደናል። ጅማና አጋሮ አካባቢ ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ገደማ ነው። ገንዘብ ቤት የሚገባው በእነዚያ ወራት ነው፤ ኒካሑ፣ ልብሱ፣ ቆርቆሮው፣ ዕዳው ሁሉ የሚጠብቀው ያንን ነው። ከዚያ ረጅም ወራት ይመጣሉ። በሰኔና በነሐሴ መካከል የበቆሎ ጎተራው ጎድሏል፣ የቡናው ብር አልቋል፣ አዲሱ እህል ገና እሸት አልሆነም። በዚህ ጊዜ ጎደሬና ቦዬ ይቀቀላል፣ እንሰት ያለው ቆጮ ይጋግራል፣ ያለችው እንጀራም ወደ ድርቆሽና ፍርፍር ትዞራለች። ዓመቱን ሙሉ ደመወዝ እንደሚያገኝ ሰው ማብሰል ለቡና ቤተሰብ አይሆንም። በጥር ወር ያባከነ በሐምሌ ይራባል።

ክፉ ዓመታትም ነበሩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን ታየ፤ አረንጓዴውን ፍሬ እያጠቆረ የሚያረግፍ በሽታ ነው። በ1989 ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት ኮታ ሲፈርስ ዋጋው ወደቀ። በ2001 ደግሞ በዓለም ገበያ ለአሥርት ዓመታት ታይቶ ወደማይታወቅ ደረጃ ወረደ። ኒውዮርክ ላይ ቁጥሩ ሲያንስ አጋሮ ላይ ድስቱ ይቀጥናል። ሽሮዋ ውሃ ትጨምራለች፣ ፍርፍሩ ከሳምንት ሁለት ቀን ወደ አምስት ቀን ይወጣል። ስለዚህ ያ ትውልድ ሲቆጥብ «ቋጣሪ» እያልን መሳቃችን ተገቢ አይደለም። ገበያውን አይቆጣጠሩትም ነበር፤ የሚቆጣጠሩት ጓዳቸውን ነው።

ስለ ዳቦ ባጭሩ እንለፍ። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም፣ ጅማን ደቡብ ምዕራቡን ላቀፈው ግዛቱ ዋና ከተማ አድርጓት ነበር። ፉርኖ ዳቦና ፓስታ በከተማው ሰው ማዕድ ላይ ሥር የሰደዱት ከዚያ ዘመን ወዲህ ነው። የደረቀ ፉርኖ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ የአገሩን ወግ ተማረ፤ በሽንኩርትና በበርበሬ ተቁላልቶ የዳቦ ፍርፍር ሆነ። ወራሪው ዳቦውን ትቶ ሄደ፣ እናቶቻችን ፈረፈሩት።

አሁን ወደሚከብደው እንምጣ። ያን ያደረውን ምግብ ማን ነበር የሚበላው?

ሒርማታ የቡና፣ የማርና የከብት ገበያ ብቻ አልነበረችም። ሰው የሚሸጥባት ገበያም ነበረች። በባለጸጎች ቤት የሚፈጨው፣ የሚቀዳው፣ የሚለቀመው በአመዛኙ በባሪያ ጉልበት ነበር። የጂሬንን ውበት ስናወድስ ይህንን መዝለል ለታሪክም ለዲናችንም ታማኝነት አይደለም። ባርነት በአገራችን በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ነው። በዚያ ዘመን ትኩሱ ለጌታ፣ ትራፊው ለባሪያ ነበር። ከዚያ በኋላም ነገሩ በሌላ መልክ በየቤታችን ቀርቷል፤ ትኩሱ ለአባወራና ለወንዶች ልጆች፣ የትናንቱ ለእናትና ለቤት ሠራተኛ። ብዙዎቻችን እናታችን ምን እንደምትበላ አስተውለን አናውቅም። ማዕዱ ሲነሣ ጓዳ ገብታ ነው የምትበላው።

ይህ ከነቢያችን መንገድ ጋር አይሄድም። ሆምጣጤውን የበሉት ራሳቸው ናቸው፤ ለሌላ አላሳለፉትም። አገልጋይ ምግብ ይዞ ሲመጣ አብሮ እንዲቀመጥ፣ ካልሆነም ከዚያው ምግብ አንድ ሁለት ጉርሻ እንዲሰጠው አዘዋል፤ የእሳቱን ሙቀትና የማዘጋጀቱን ድካም የቻለው እሱ ነውና። ስለዚህ ፍርፍር ቤት ውስጥ ከተሠራ ትሪው ላይ ይቅረብ፣ ሁሉም ይብላው። ለአንዱ ወገን ብቻ የሚተው ያደረ ምግብ ቁጠባ ሊባል አይችልም።

ሌላው ሁልጊዜ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ቁጠባውስ እስከ የት ነው? ማስቀመጥ መቼ ስስት ይሆናል? ለዚህ ከአረፋ ሥጋ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም።

አንድ ዓመት የዒደል አድሓ ሰሞን የተራቡ የገጠር ሰዎች ወደ መዲና ገቡ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የኡድሒያ ሥጋ ከሦስት ቀን በላይ እንዳይቀመጥ ከለከሉ። በሚቀጥለው ዓመት ሰሓቦች እንዳምናው እናድርግ ወይ ብለው ጠየቁ። አይደለም አሏቸው፤ ብሉ፣ አብሉ፣ አስቀምጡም፤ ያኔ የከለከልኳችሁ ሰው ችግር ላይ ስለነበረ ነው የሚል መልእክት ሰጧቸው። ዘገባው በቡኻሪ ከሰለመህ ኢብኑል አክወዕ፣ በሙስሊም ደግሞ ከዓኢሻ (ረ.ዐ) መጥቷል። ዓኢሻም የሰኮናውን ክፍል አስቀምጠው ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ይበሉት እንደነበር ተናግራለች። ምን አስገደዳችሁ ብለው ሲጠይቋት ሳቀች፤ የነቢዩ ቤተሰብ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሦስት ቀን በተከታታይ ዳቦ ከማባያ ጋር ጠግቦ እንዳልበላ ነገረቻቸው።

ከዚህ የምንረዳው ቋንጣ መስቀልም ሥጋ ማከፋፈልም በየወቅታቸው ሱናን የተከተሉ መሆናቸውን ነው። የሚወስነው ደጅ ላይ ያለው ሰው ነው። ጎረቤት ጠግቦ ከሆነ ቋንጣው ይሰቀል፤ ድርቆሹ ይድረቅ። በሰፈሩ ጾሙን የሚያድር ካለ ግን ፍሪጅ ሞልቶ ማስቀመጥ ሌላ ስም አለው። በዛሬው የኑሮ ውድነት ከጅማ እስከ አዲስ አበባ ይህ መመዘኛ እንደ አዲስ ያስፈልገናል።

ለመሆኑ ዛሬ ቤት ተከራይታችሁ የምትኖሩ ተማሪዎች፣ አዲስ ትዳር የመሠረታችሁ ወንድሞችና እህቶች ከዚህ ምን ትወስዳላችሁ? አንዳንዱ ቀላል ነው። እንጀራ ስትገዙ የማትበሉትን በሁለተኛው ቀን፣ ሳይሻግት፣ ቆራርሳችሁ አድርቁት። በአምስተኛው ቀን ለማዳን መሞከር ዘግይቷል። የሻገተ እንጀራ ነጩንና አረንጓዴውን ገንጥሎ መብላት አይበቃም፣ መርዙ ወደማይታየው ክፍል ይገባልና ይጣል፤ ይህ ኢስራፍ አይደለም፣ ነፍስን መጠበቅ ነው። የተረፈ ቂጣ በቅቤና በበርበሬ ታሽቶ ጨጨብሳ ይሆናል። ከኢፍጣር የተረፈ ምስር በማግስቱ ለሳንቡሳ ይሞላል፤ እንዲያውም ውሃው ስለሚመጠጥ ከትኩሱ ይሻላል። ያደረ ሽሮ በውሃ ቀጥኖ፣ እስኪንተከተክ ፈልቶ፣ ድርቆሽ ሲገባበት እራት ነው። ለሱሑር ደግሞ እንጀራ በእርጎ የተፈተፈተ ያህል ሆድ የሚይዝና ጥማት የማያመጣ ጥቂት ነው፤ ቅመም አይብዛበት።

ሩዝ ላይ ግን እንጠንቀቅ። ሩዝ ለአያቶቻችን ጓዳ አዲስ ስለሆነ የእንጀራውን ልምድ ይዘን እንሳሳታለን። እንጀራ ኮምጣጣ ስለሆነ ባክቴሪያ በቀላሉ አይራባበትም። የተቀቀለ ሩዝ ግን ሌሊቱን ውጭ ካደረ ባክቴሪያው የሚተወው መርዝ መልሶ በማሞቅ አይጠፋም። የኢፍጣር ሩዝ ከተረፈ ቶሎ ቀዝቅዞ ፍሪጅ ይግባ፤ ፍሪጅ ከሌለ ያን ምሽት ለሚበላው ይሰጥ።

ስለ መስጠት ካነሣን፣ በአባ ጅፋር ዘመን ወደ ጅማ ዕውቀት ፍለጋ ከወሎና ከሌላም ቦታ የሚመጡ ደረሶች ነበሩ። ደረሳ የሚኖረው ሕዝቡ በሚያወጣለት ምግብ ነው፤ ብዙዎቹ ታላላቅ ዑለሞቻችን የተማሩት የማያውቋቸው እናቶች በላኩት እንጀራ ነው። እዚህ ላይ ልማዳችን ትንሽ ተዛብቷል። ዛሬ ሰደቃ ስንል አብዛኛውን ጊዜ የምንሰጠው እኛ በልተን ጠግበን፣ ከሳህናችን የተመለሰውን ነው። በሱረቱል በቀራ አላህ ለእኛ ቢሰጠን ዓይናችንን ጨፍነን ካልሆነ የማንቀበለውን መጥፎውን መርጠን እንዳንሰጥ አስጠንቅቋል። ያደረውን እኛው እንፈትፍተው፤ ለደረሳውና ለጎረቤት የሚሄደው ሳህን ድስቱ ከእሳት እንደወረደ፣ ማንም ሳይጎርስ፣ ከላይ ተጨልፎ ይውጣ። ቡናውም እንዲሁ ነው፤ ጎረቤት የሚጠራው ጀበናው ገና ለአቦል ሲጣድ ነው።